ሐኪሙ ምን ያውቃል? መቼስ ዐረፈ?

እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 2003፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 28 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ በካናዳ ሁለት ከተሞች ሁለት ሕመምተኞች ሆስፒታል ደረሱ። አንደኛው በቫንኩቨር፣ ሁለተኛው በቶሮንቶ። ሁለቱም ትኩሳትና ሳል ነበራቸው፤ ለመተንፈስም ይቸገሩ ነበር። የሁለቱም ሕመም ከአንድ የሆንግ ኮንግ ሆቴል የተነሣ ነው፤ በሽታው ግን በዚያን ቀን ገና ስም አልወጣለትም። በኋላ ሳርስ ተባለ። የቫንኩቨሩ ሰው ድንገተኛ ክፍል በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ከሌሎች ተለየ፤ የሚያክሙትም ራሳቸውን ሸፍነው ቀረቡት። ከእርሱ ወደ ሆስፒታሉ ሠራተኞች የተላለፈ በሽታ አልነበረም። የቶሮንቶው ሰው ከሌሎች ሕሙማን ጋር ለሰዓታት በድንገተኛ ክፍል ቆየ። ከዚያ ክፍል የወጣው በሽታ ሕሙማንን፣ ጠያቂዎችን፣ ነርሶችንና ሐኪሞችን አዳረሰ። ወረርሽኙ ሲያበቃ ካናዳ 44 ሰዎችን ቀብራለች።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ቶሮንቶ የምትገኝበት የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር መንግሥት ጉዳዩን እንዲያጣራ ያቋቋመውና ዳኛ አርቺ ካምቤል የመሩት ኮሚሽን ሁለቱን ከተሞች ጎን ለጎን አስቀምጦ መርምሯል። በቫንኩቨር በኩል ከእስያ ስለሚሰማው እንግዳ የሳንባ ሕመም የወጣው ማስጠንቀቂያ ከጤና ባለሥልጣናት ተነሥቶ እስከ ሆስፒታሎቹ ወርዶ ነበር፤ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ምርመራው ሳይታወቅ በፊት በጥንቃቄ የመቀበል ልማድም ነበረ። ኮሚሽኑ ዕድልም የራሱ ድርሻ እንዳለው አልካደም። የቫንኩቨሩ ሰው ራሱ ከጉዞ የተመለሰ ነው። የቶሮንቶው ከአገሩ አልወጣም፤ ከሆንግ ኮንግ የተመለሱት እናቱ ናቸው፤ እርሳቸውም ከሁለት ቀን በፊት በቤታቸው ሞተዋል። ስለዚህ የቶሮንቶን ሐኪሞች በቀላሉ መኮነን አይቻልም። በችሎታም ሆነ በርኅራኄ ከቫንኩቨሮቹ አያንሱም። የጎደላቸው፣ ሕመምተኛው በራቸው ላይ ከመድረሱ በፊት ሊደርሳቸው የሚገባ ዕውቀት ነበር።

ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል። ወረርሽኝ ሲመጣ ሌላው ሰው ከበሽታው እንዲርቅ ይነገረዋል፤ የሕክምና ሠራተኛው ወደ በሽታው እንዲቀርብ ይጠየቃል። መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ሙያውም ይህንኑ ያዝዛል። ነገር ግን ወደ አደጋ የላክነውን ሰው በሥራው ልንጠይቀው የምንችለው መቼ ነው? ከመጠየቃችን በፊትስ ምን ልንሰጠው ይገባል? መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ልናሳውቀውና ልናሳርፈው ይገባል። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ ትርፍ ጊዜና ትርፍ ገንዘብ ሲገኝ ለሠራተኛው የሚደረጉ ችሮታዎች ተደርገው ይታያሉ። እኔ ግን የኃላፊነት መነሻ ናቸው እላለሁ፤ እነርሱ በሌሉበት «ተጠያቂ» የሚለው ቃል ትርጉሙን ያጣል። ይህን በምክንያት ማሳየት እፈልጋለሁ።

አሪስቶትል የኒኮማከስ ሥነ ምግባር በተባለው ሥራው፣ አንድን ድርጊት የሠሪው ነው ለማለት ሁለት ነገሮች ሊኖሩ እንደማይገባ ያስረዳል፤ ከውጭ የመጣ አስገዳጅ ኃይልና አለማወቅ። ተገፍትሮ የወደቀ ሰው ከሥሩ ያለውን ቢጎዳ አይወቀስም። ያቀበለው መድኃኒት መርዝ መሆኑን ያላወቀ፣ ሊያውቅም የማይችል ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ አይፈረድበትም። ከዚያ ፈላስፋው አንድ አስቸጋሪ ሰው ያመጣል፤ ሰካራሙን። ሰክሮ ጥፋት የሠራ ሰው በዚያች ሰዓት የሚያደርገውን አያውቅም። ሆኖም ሕግ አውጪዎች ቅጣቱን እጥፍ ያደርጉበት እንደነበር ይጠቅሳል፤ ቅጣቱ እጥፍ የሆነው ሰውየው ላለመስከር ይችል ስለነበረ ነው። የአለማወቁ ምንጭ ራሱ ነው።

ይህን ሚዛን ይዘን ወደ ሆስፒታል እንግባ። እ.ኤ.አ. በ1997 ድሩ ዳውሰንና ካትሪን ሪድ ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው አእምሮና እጁ የሚሠሩት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው መሆኑን አሳዩ። 24 ሰዓት ሲሞላው ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል፤ በዚህ መጠን መኪና የነዳ ሰው በአብዛኛው ዓለም ይቀጣል። እንግዲህ በድካም የሚሳሳት ሐኪም ከአሪስቶትል ሰካራም የሚለየው በምንድን ነው? በዚያች ሰዓት ባለው የአእምሮ ሁኔታ ብዙ አይለይም። የሚለየው በምንጩ ነው። ሰካራሙ መለኪያውን ያነሣው በገዛ እጁ ነው። የተረኛውን ሐኪም ድካም የወሰነለት ሌላ ሰው ነው፤ የዲዩቲ ፕሮግራሙን ያወጣው፣ ተተኪ ያልመደበው፣ «ለዛሬ እንደ ምንም ተወጡት» ያለው ሰው ነው። ሚዛኑን በቅንነት ከተጠቀምንበት፣ ሳይተኛ ባደረ እጅ የተሠራ ስሕተት የሚያስጠይቀው በመጀመሪያ ፕሮግራሙን ያወጣውን ነው።

ድካም የሚያደርሰው ጥፋት የሚታይ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ የቦስተን ጥናት፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚዘልቅ ተራ የሚሠሩ ኢንተርኖች፣ ተራቸው ካጠረላቸው ይልቅ 36 በመቶ የበለጠ ከባድ የሕክምና ስሕተት መሥራታቸውን አገኘ። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የደከመ ሰው የድካሙን ልክ በትክክል አለመገመቱ ነው፤ የሚለካበት አእምሮ ራሱ ደክሟልና። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» እንላለን። መድኃኒት ከሆነ አያያዝ አለው። ክትባት ከቅዝቃዜው ወጥቶ ቢሞቅ መልኩ አይለወጥም፤ ብልቃጡም እንደ ወትሮው ነው፤ ኃይሉ ግን ጠፍቷል። እንቅልፍ ያጣ ሐኪምም ነጭ ጋውኑን ለብሶ፣ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ በአልጋዎቹ መካከል ይመላለሳል። የሚያየው ሁሉ ሐኪም አለ ይላል።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ ይነሣል። «ይህ ሁሉ ለደህና ቀን ነው። ወረርሽኝ ሲሆን አልጋው ይሞላል፤ ሕመምተኛው ትንፋሽ ይለምናል። ሰው እየሞተ እንዴት ይተኛል? የሙያው ቃል ኪዳንስ ወዴት ሄደ?» ይህ ተቃውሞ ከደግ ልብ የሚመጣ ስለሆነ በጥንቃቄ መመለስ አለበት። መጀመሪያ ሁለት ዓይነት አደጋዎችን እንለይ። አውቶቡስ ተገልብጦ ሠላሳ ቁስለኛ በአንድ ሌሊት ሲመጣ ማንም አይተኛም፤ መተኛትም የለበትም። የዚያ ሌሊት ድካም በማግሥቱ ይካሳል። ወረርሽኝ ግን ማግሥት የለውም። ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይወስዳል። የአንድ ሌሊትን ሕግ ለአንድ ዓመት የሚያውል ሰው ቃል ኪዳኑን እያከበረ ይመስለዋል፤ በሦስተኛው ወር ቃል ኪዳኑን የሚፈጽሙለትን ሰዎች ያጣል።

ለዚህ ከባዱ ፈተና የታየው በምዕራብ አፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢቦላ ጊኒን፣ ላይቤሪያንና ሴራሊዮንን ሲያጥለቀልቅ፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በሴራሊዮን ካይላሁንና በላይቤሪያ ሞንሮቪያ ባቋቋማቸው ማዕከሎች አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው። ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር የሚሸፍነውን ልብስ ያጠለቀ ሠራተኛ በዚያ ሙቀት ከአንድ ሰዓት ያህል በላይ ውስጥ አይቆይም። የገባበት ሰዓት ይመዘገባል። ብቻውን አይገባም፤ አብሮት የገባው ይጠብቀዋል። ሰዓቱ ሲሞላ፣ ሥራው ቢያልቅም ባያልቅም፣ ይወጣል። ውስጥ ውኃ የሚለምን ሰው ሊኖር ይችላል። ለመታጠብ ተራውን የሚጠብቅ ልጅ ሊኖር ይችላል። ደንቡ ግን ውጣ ይላል።

ይህ ጭካኔ ነው? እንደዚያ የሚመስለው አንዱን አልጋ ብቻ ስናይ ነው። ደንቡ ትክክል የሆነባቸው ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ ለሠራተኛው በጣም አደገኛ ከሆኑት ጊዜያት አንዱ ልብሱን የሚያወልቅበት ነው፤ በሙቀትና በድካም የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ በዚያች ደቂቃ ይሳሳታል። ሁለተኛ፣ ዛሬ የወጣው ሠራተኛ ነገ ለሌሎች ይመለሳል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ የመውጣት ውሳኔ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ኅሊና ቢተው ምን ይሆናል የሚለው ነው። መልሱ ግልጽ ነው። ልቡ የደነደነው ቀድሞ ይወጣል፤ ልቡ የራራው መጨረሻ ይቀራል። ደንብ በሌለበት ቦታ ቀድመው የሚያልቁት ደጋጎቹ ናቸው። ስለዚህ ተቋሙ «ውጣ» ብሎ ሲያዝዝ ከሠራተኛው ጫንቃ ላይ ማንም ብቻውን ሊሸከመው የማይገባ ውሳኔ ያነሣለታል። ሠራተኛው እየተጸጸተ ይወጣ ይሆናል፤ ነገር ግን ሕመምተኛውን ጥሎ እንደሄደ ሰው አይደለም፤ በተራው እንደሚመለስ ሰው ነው።

ይህ በጊዜው ያልተሟላበት ቦታ ምን እንደሆነም እናውቃለን። በሴራሊዮን የኬኔማ ሆስፒታል የኢቦላ ሕክምናን የመሩት ዶ/ር ሼክ ኡማር ካን እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2014 በበሽታው ሞቱ፤ በዚያው ሆስፒታል ይሠሩ ከነበሩት ነርሶችም በርካቶች አለቁ። እስከ 2015 ሜይ ድረስ ላይቤሪያ ከሐኪሞቿ፣ ከነርሶቿና ከአዋላጆቿ 8 በመቶ ያህሉን በኢቦላ አጥታለች፤ ከጠቅላላው ሕዝቧ የሞተው ግን 0.11 በመቶ ያህል ነው። ተመራማሪዎች ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሲያሰሉ፣ በአዋላጆችና በሐኪሞች መጉደል ምክንያት በወሊድ የሚሞቱ እናቶች በብዙ እንደሚጨምሩ አመለከቱ። ኢቦላ ያልነካት እናት ኢቦላ በገደለው አዋላጅ ምክንያት ልትሞት ትችላለች ማለት ነው። ሠራተኛውን መጠበቅ ከሕመምተኛው መስረቅ ነው የሚል ሰው ይህችን እናት በሒሳቡ ውስጥ አላስገባትም።

አሁን ወደ ዕውቀት እንመለስ። «ሠራተኛውን አሳውቁ» ማለት ቀላል ነው፤ ዕውቀት ግን በአንድ መንገድ ብቻ አይሄድም። ከላይ ወደ ዋርድ ይወርዳል፤ ከዋርድ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከአንዱ ተረኛ ወደ ሌላው ይሻገራል። ከሦስቱ አንዱ ከተዘጋ ሌሎቹም ይታመማሉ።

የመጀመሪያው መንገድ በኮቪድ ጊዜ የተዘጋው በመረጃ እጥረት ብቻ አልነበረም፤ በመብዛቱም ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2020 ሃይድሮክሲክሎሮኪንን ለአስቸኳይ አገልግሎት ፈቅዶ ነበር፤ ጁን 15 ቀን ፈቃዱን ሰረዘ። በማግሥቱ ጁን 16 የብሪታንያው ሪከቨሪ ጥናት፣ ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ መሣሪያ ካሉ ሕሙማን ሞትን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ብቻ ከሚሰጣቸው ደግሞ በአንድ አምስተኛ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ከዚያ በፊት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የዚህ ወገን መድኃኒቶች በመደበኛነት እንዳይሰጡ ይመክር ነበር። ዴክሳሜታዞን ርካሽ ነው፤ በእኛም አገር ፋርማሲዎች የታወቀ መድኃኒት ነው። በሁለት ቀን ውስጥ አንዱ ተስፋ ወደቀ፤ ሌላው ተነሣ። በእነዚያ ሌሊቶች ተረኛ የነበረች ነርስ ይህን በምን ታውቃለች? ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው በምትሮጥበት ሰዓት በቴሌግራም ከሚጎርፈው እውነትና ሐሰት መካከል ለይታ እንድታነብ መጠበቅ አይቻልም። ሌሎች በሚሠሩበት ሰዓት የሚያነብ፣ አንብቦ የሚመዝን፣ መዝኖም ቀን ያለበት አንድ ገጽ የሚያወጣ ሰው በእያንዳንዱ ሆስፒታል ሊመደብ ይገባል። ገጹ ከትናንት ምን እንደተለወጠ፣ ምን እንደታወቀና ምን ገና እንዳልታወቀ ይናገር። «ይህን አናውቅም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከሁሉ የሚያስተማምን ነው፤ የማያውቀውን የሚናገር አለቃ አውቃለሁ ሲልም ይታመናል።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ላይ የሚወጣው ነው፤ በሽታውን መጀመሪያ የሚያየው ታች ያለው ሰው ነውና። በቶሮንቶ ሜይ 2003 አጋማሽ ላይ አደጋው አልፏል ተብሎ ጥንቃቄው ላላ። በኖርዝ ዮርክ ጄኔራል ሆስፒታል ያሉ ነርሶች ግን የሚያሠጋ ነገር እያዩ ነበር። ተናገሩ፤ ሳርስ አይደለም ተባሉ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ሁለተኛው ዙር ወረርሽኝ ይፋ ሆነ። ከ16 ዓመት በኋላ ደግሞ የዉሃን ማዕከላዊ ሆስፒታል የዓይን ሐኪም ዶ/ር ሊ ዌንሊያንግ ዲሴምበር 30 ቀን 2019 ለሙያ ጓደኞቻቸው ጥንቃቄ እንዲያደርጉ መልእክት ላኩ። ጃንዋሪ 3 ቀን ፖሊስ ጠርቶ ሐሰት አሠራጭተሃል ብሎ የተግሣጽ ወረቀት አስፈረማቸው። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2020 በኮቪድ ሞቱ፤ ተግሣጹ ስሕተት መሆኑ የታመነውና ፖሊስ ቤተሰባቸውን ይቅርታ የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ዝም የሚያሰኝ ሰው የሚያቀርበው ምክንያት ሽብር እንዳይነሣ የሚል ነው። ይህን ምክንያት እንመርምረው። ፍርሃት በሁለቱም በኩል አለ፤ የሚያውቅም ይፈራል፤ የማያውቅም ይፈራል። የሚያውቅ ሰው ፍርሃት ግን አቅጣጫ አለው፤ እጁን ይታጠባል፤ ጭምብሉን ያጠብቃል፤ ሕመምተኛውን ይለያል። የማያውቅ ሰው ፍርሃት ወይ ሁሉን ይሸሻል ወይ ምንም አይሸሽም። የካምቤል ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ በሆነው የመጨረሻ ሪፖርቱ ያጠበቀው ትምህርት አደጋን ለመቀነስ ተገቢውን እርምጃ ለመውሰድ ሳይንሳዊ እርግጠኝነት እስኪመጣ መጠበቅ አይገባም የሚል ነበር። በመናገርም በኩል እንዲሁ ነው። ያልተረጋገጠ ነገር እንዳልተረጋገጠ ተደርጎ ይነገር፤ እስኪረጋገጥ ተደብቆ አይቆይ።

ሦስተኛው መንገድ ርክክብ ነው፤ ዕውቀትና ዕረፍት የሚገናኙት፣ የሚጋጩም የሚመስሉት እዚህ ነው። ጠንቃቃ ተቃዋሚ እንዲህ ይለናል፦ «ተራው ካጠረ ርክክቡ ይበዛል። ርክክብ በበዛ ቁጥር ዕውቀት ይፈሳል። ስለ ሕመምተኛው ሁሉን የሚያውቅ የደከመ ሐኪም፣ ምንም ከማያውቅ ንቁ ሐኪም አይሻልም?» ጥያቄው ከባድ ነው፤ ማስረጃም አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ስድስት የሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍሎች በተደረገ ጥናት፣ ረጅሙን ተራ ማስቀረት ስሕተትን ሳይቀንስ ቀርቷል፤ እንዲያውም ስሕተቱ ጨመረ። አጥኚዎቹ ጠልቀው ሲያዩ ግን ተራው ያጠረላቸው ሬዚደንቶች እያንዳንዳቸው ብዙ ሕሙማን ተጭነውባቸው ነበር፤ የሕሙማኑ ቁጥር በስሌቱ ሲገባ ልዩነቱ ጠፋ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሰዓት መቀነስ ብቻውን ዕረፍት አይሆንም። ያው ሥራ በአጭር ሰዓት ውስጥ ከታጨቀ ድካሙ መልኩን ለወጠ እንጂ አልሄደም።

ርክክቡስ? ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2014 በዘጠኝ ሆስፒታሎች የተደረገ ሌላ ጥናት፣ ርክክቡ ሥርዓት ተሰጥቶት፣ በጽሑፍና በቃል ተዋቅሮ፣ ተረካቢው የሰማውን መልሶ እንዲናገር ሲደረግ የሕክምና ስሕተት በ23 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። እንግዲህ ዕውቀት የሚፈሰው ርክክብ በመብዛቱ ሳይሆን ርክክብ በመናቁ ነው። ኮሪደር ላይ እየሄዱ «አልጋ ስድስትን እያት» ማለት ርክክብ አይባልም። ሁለቱ ተረኞች አብረው የሚቆሙበት፣ ማንም የማያቋርጣቸው፣ እንደ ሥራ የሚቆጠር ጊዜ ያስፈልጋል። የእኛ ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ሞርኒንግ ሴሽን ለዚህ መልካም መሠረት ነው፤ ሌሊቱን የተገኘው ዕውቀት በጠዋት ለሁሉ ይከፈላል። ሌሊቱን ያልተኛው ኢንተርን ቆሞ የሚፈተንበትና የሚዋረድበት መድረክ ሲሆን ግን ዕውቀቱም ዕረፍቱም ይበላሻል። ሰው ያየውን ደብቆ የተጠየቀውን ብቻ መመለስ ይማራልና።

ሁለቱ ግዴታዎች በሌላም ቦታ ይገናኛሉ፤ በቤት። የደከመ አእምሮ የተነገረውን አይዝም። ያልተነገረው አእምሮም አያርፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ከጃንዋሪ 2020 እስከ ሜይ 2021 ባለው ጊዜ ከ80,000 እስከ 180,000 የሚደርሱ የጤና ሠራተኞች በኮቪድ ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገምቷል። ይህን እያየች ወደ ቤቷ የምትገባ ነርስ ቤት ውስጥ ማንን ታገኛለች? በአገራችን ብዙ ጊዜ ሕፃንና አሮጊት እናት በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ጭምብሏ በቂ መሆኑን፣ የምርመራዋ ውጤት መቼ እንደሚመጣ፣ ብትታመም የት እንደምትተኛና ደመወዟ እንደማይቋረጥ ካላወቀች፣ የተሰጣት የዕረፍት ቀን በአልጋ ላይ የሚያልፍ የጭንቀት ቀን ይሆናል። ጎረቤትና አከራይም በዚህ ይካተታሉ። በሕንድ በሕክምና ሠራተኞች ላይ የሚደርሰው ጥቃትና ማግለል ስለበረታ መንግሥት በኤፕሪል 2020 የሚቀጣ ድንጋጌ እስከ ማውጣት ደርሷል። ስለዚህ ሠራተኛውን ማሳረፍ ሠፈሩንም ማሳወቅን ይጨምራል።

የመጨረሻው ተቃውሞ የድህነት ነው። «ይህ ሁሉ ሰው ለተረፈው አገር ነው፤ እኛ ጋ ተተኪ የለም።» እውነት ነው፤ እጥረቱ የቆየ ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲመታ የከተማዋ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በአገራችን ሲገኝ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ ተለየ፤ ቆይቶም የሚሊኒየም አዳራሽ አልጋ ተዘረጋበት። አልጋ በሳምንታት ይዘረጋል፤ የጽኑ ሕክምና ነርስ በዓመታት ትሠለጥናለች። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግን ከተቃዋሚው የተለየ ነው። አንድ ነገር ብርቅ ከሆነ ይበልጥ ይጠበቃል። መቶ ነርስ ያላት አገር አንዷን ብታጣ ከምትጎዳው ይልቅ አሥር ነርስ ያላት በአንዷ ትጎዳለች። በእኛ አገር ደግሞ ከ24 ሰዓት የሚያልፍ ዲዩቲ ለኢንተርን እንግዳ ነገር አይደለም፤ በሌላ በኩል ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሥራ የሚጠብቁ አዲስ ተመራቂ ሐኪሞች አሉን። እጥረቱ ሁሉ የሰው አይደለም፤ ከፊሉ የበጀትና የምደባ ነው።

ገንዘብ የማይጠይቀውም ብዙ ነው። ፕሮግራሙን ቀደም ብሎ መለጠፍ፣ ተራው ያልሆነን ሰው በስልክ አለመቀስቀስ፣ ሠራተኛው በመከላከያ ልብስ ውስጥ ለሚቆይበት ሰዓት ገደብ ማውጣት፣ በር ያለው አንድ የመኝታ ክፍል መለየት፣ «ደክሞኛል» ያለውን አለመቅጣት፣ ኃላፊውም በተራው ወደ ቤቱ ሄዶ መተኛት። ከሠራተኛውም የሚጠበቅ አለ። ዕረፍት የተሰጠው ሰው ዕረፍቱን በግል ክሊኒክ ሌላ ዲዩቲ ቢሞላው ለሕመምተኛው የተሰጠውን ጊዜ ሸጧል። ይህን ለመናገር ግን ደመወዙ ቤተሰቡን የሚያኖር መሆን አለበት፤ ካልሆነ የሸጠው ተገዶ ነው፤ ወቀሳውም ዳግመኛ ወደ ላይ ይወጣል።

ስለ ጀግንነት አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. ከማርች 26 ቀን 2020 ጀምሮ የብሪታንያ ሕዝብ ለአሥር ሳምንታት በየሐሙስ ምሽት በሩ ላይ ወጥቶ ለሕክምና ሠራተኞች አጨበጨበ። እኛም ጀግኖቻችን አልናቸው። ምስጋናው ከልብ ነው፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን ጀግና የሚባለው ከግዴታው በላይ የሰጠ ሰው ነው፤ ከግዴታ በላይ የሆነ ስጦታ ደግሞ በፕሮግራም አይታዘዝም። ጀግንነትን የዕለት መደብ ያደረገ ተቋም የራሱን ዕዳ በሌላው ምግባር ይከፍላል። ጀግና የተባለ ሰው ደክሞኛል፣ አላውቅም፣ ፈራሁ ለማለት ያፍራል፤ እነዚህ ሦስት ቃላት ግን በወረርሽኝ ጊዜ ሕይወት የሚያድኑ መረጃዎች ናቸው። ልናከብረው ከፈለግን እነዚህን ቃላት ያለ ኀፍረት የሚናገርበትን ቦታ እናዘጋጅለት።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው አንድ ሥርዓት ነው። በሆስፒታል ስሕተት ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ሠራው?» መሆኑ ይቅር። ይልቅ ሁለት ጥያቄዎች ይቅደሙ፤ ሠራተኛው በዚያች ሰዓት ምን እንዲያውቅ ተደርጎ ነበር? ከዚያ በፊት ያረፈውስ መቼ ነው? የሁለቱም መልስ በምርመራው መዝገብ ላይ ከሠራተኛው ስም በፊት ይጻፍ። የተነገረው፣ ያረፈ፣ ተተኪም የነበረው ሰው ካጠፋ በሙሉ ሚዛን ይጠየቅ፤ ይህም ማክበር ነው። የሚቀጥለው ወረርሽኝ ቀኑን አይነግረንም። እያንዳንዱ የሆስፒታል ኃላፊ ግን ሠራተኞቹን በምን መንገድ እንደሚያሳውቅና በምን ተራ እንደሚያሳርፍ ዛሬ በጽሑፍ ሊመልስ ይችላል። ያን ጊዜ መልስ ሳይኖረው የተገኘ ኃላፊ፣ ሠራተኛውን የመውቀስ መብቱን ያጣው አስቀድሞ፣ ሊዘጋጅበት በሚችለው ጊዜ ነው።